ደስ የሚላትን ፍለጋ

«ደስ የሚላትን ነገር ፈልጊላት» አለኝ ሐኪሙ፤ ይህን ብሎ ካርዷን ዘጋ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከእሱ በፊት ካየናቸው ሐኪሞች ሁሉ ከወንበሩ ወርዶ ወለሉ ላይ አብሯት የተቀመጠ እሱ ብቻ ነው። «ጨዋታም ይሁን፣ ሽርሽርም ይሁን፣ ከደስታዋ ተነስተን ነው ወደ ቃል የምንሄደው» ሲለኝም በትሕትና ነው። ግን ያን ዕለት ጋውኑን ይዤ ባንቀው ደስ ባለኝ። አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት ልጄ ምን ደስ እንደሚላት ባውቅ ኖሮ እሱ ዘንድ ምን አመጣኝ?

ካርዱን ተቀብዬ ወደ መደርደሪያው የመለስኩት ራሴ ነኝ። የምሠራው እዚያው ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል ነው። የደንቢያው፣ የወገራው፣ የከተማው ሰው በሽታ ሁሉ በእጄ ያልፋል። የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ ደግሞ አንዳንዴ ከጻፉት ሐኪሞች ይልቅ እኔ እችላለሁ፤ እነሱም እየመጡ «ይሄ ምን ይላል?» ይሉኛል። በልጄ ካርድ ላይ የተጻፈችውን «ኦቲዝም» የምትል አንዲት ቃል ለማንበብ ግን ሦስት ወር ፈጀብኝ። በየቀኑ አወጣዋለሁ፣ በየቀኑ ሳልገልጠው እመልሰዋለሁ።

ልጄ አትናገርም። እሱን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሌላውን ነው፤ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ፈገግ ትላለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለመጋረጃው ወይም ግድግዳው ላይ ለወደቀ ብርሃን። ድምፅ የምታወጣው ሲጨንቃት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ የምታወጣው ጩኸት ከቤት አልፎ ሰፈሩን ያስወጣዋል። ስለዚህ ሐኪሙ «ደስ የሚላትን» ሲል እኔ የተመኘሁት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በድምፅ ስትስቅ ልስማት። እሱን ካጣሁ የሚቀረኝ መንገድ ይታወቃል። ከእኛ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ ከውጭ የሚቆለፍ ቤት አለ። ውስጡ ልጅ መኖሩን የምናውቀው ጎረቤቶች ብቻ ነን፤ እናትየዋ አታወራም፣ እኛም አንጠይቅም። ድሮ እፈርድባት ነበር።

በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ነገር የሚደብቀው ክፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምስጋናም ይደብቀዋል። የማይጠይቅ፣ የማይመልስ፣ ያስቀመጡበት የሚቀመጥ ልጅ «ጨዋ» ይባላል። ማኅበር ስንጠጣ የሰው ልጆች ዳቦ ሲሻሙ፣ የእናታቸውን ነጠላ ሲጎትቱ፣ የኔዋ ጥግ ይዛ አንዲት የጠርሙስ ቆርኪ ታገላብጣለች። «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግሽው» ይሉኛል። እኔም ኮራሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ልጄ በዓይኔ ሥር ስትጠፋ ሦስት ዓመት ሙሉ እየኮራሁ ተቀምጫለሁ። ሦስት ዓመት አልፏት ቃል ሲጠፋ ለአማቴ «ምነው ዘገየች?» ብላቸው፣ «ዝም አይነቅዝም ልጄ» አሉኝ። እህል ይነቅዛል፣ ወሬም ይነቅዛል፣ ዝም ያለ ግን አይበላሽም ማለታቸው ነው። እሳቸው ላይ አልቆጣም። በዚያን ጊዜ መስማት የምፈልገውን ነው የነገሩኝ።

ባሌ የሚሠራው ደባርቅ ነው፤ መንገድ ሲከፈት በወር አንዴ ይመጣል፣ መንገድ ሲዘጋ በስልክ «እንዴት ናት?» ይላል። «ደኅና ናት» እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ጎረቤቴን ልንገራት ብዬ አንድ ቀን «ኦቲዝም ነው አሉኝ» ብላት፣ በማግሥቱ ነጭ ሽንኩርትና ማር ቀላቅላ ይዛልኝ መጣች። አስም የሚል ነበር የሰማችው። ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ አልቆም ብሎኝ በር ዘግቼ አለቀስኩ። ማሩን ግን ልጄ በላችው።

ፍለጋውን የጀመርኩት ከግቢው ነው። እኛ የጎንደር ሰዎች የነገሥታቱን ግቢ የምንገባው እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ልጄን እንግዳ አደረግኋትና አንድ እሑድ ከረፋዱ ይዣት ገባሁ። ሣሩን አላየችም፣ ግንቡንም ቀና ብላ አላየችም። አንድ ግድግዳ ሥር ሄዳ ጉንጯን ድንጋዩ ላይ አስደገፈችና በመዳፏ ትዳብሰው ጀመር። ድንጋይ ትዳብስ፣ ምን ቸገረኝ? ግማሽ ሰዓት ሙሉ ፊቷ ላይ የነበረውን ሰላም እያየሁ «አገኘሁት» አልኩ በልቤ። ያኔ ሰርገኞች ገቡ። ሙሽራዋ ለፎቶ፣ ሚዜዎቹ ከነከበሯቸው፣ ከውጭ ደግሞ የመኪናው ጥሩምባ። ልጄ ሁለት ጆሮዋን ይዛ መጮህ ጀመረች። ሙሽራዋ ዞር አለች፤ አንዲት ሴትዮ አማተበች፤ ካሜራ የያዘው ሰው «እናት፣ ድምፁን አጥፊልን» አለኝ፣ ልጄን እንደ ሬዲዮ። እጄን አፏ ላይ አደረግሁና ተሸክሜያት ወጣሁ። እጄን አፏ ላይ ያደረግሁበት የመጀመሪያው ቀን እሱ ነው።

ከድንጋዩ ግንብ ስንባረር ወደ ጎማው ግንብ ሄድን። ማራኪ በኩል አንድ ካፌ ጓሮ በአየር የሚነፋ የልጆች መዝለያ አለ፤ እሱም ግንብ ተብሎ ማማ ማማ ተሠርቶለታል። ጫማዋን አውልቄ አስገባኋት። ልጆቹ ሲዘሉ እሷ መሀል ላይ ቆማ ወለሉ ሲነሳና ሲወርድ በእግሯ ታዳምጣለች። ድንገት መብራት ጠፋ። ግንቡ ቀስ እያለ መሟሸሽ፣ ማማዎቹ መዘንበል ጀመሩ፤ የሰው ልጆች እያለቀሱ ወጡ። የኔዋ ተንጋልላ ተኛች። ጎማው በላይዋ ቀስ ብሎ ሲወርድ ፈገግ አለች፤ በደንብ ፈገግ አለች፣ ጥርሷ ታየ። ከዚያ ባለቤቱ ጄኔሬተሩን አስነሳው። የቀረውን መናገር አያስፈልግም፤ እጄ አፏ ላይ፣ ጫማዋ ብብቴ ሥር፣ በኋላ በር ወጣን።

ባጃጅ ትወድ ነበር። ነፋስ ፊቷን ሲመታት ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች። ከፒያሳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ፒያሳ፣ የምንሄድበት ሳይኖረን ስንመላለስ ከረምን። ችግሩ ባጃጅ ይቆማል፤ ሲቆም ትጮኻለች። ሰው ለማውረድ ሲቆም፣ ለትራፊክ ሲቆም፣ አህያ መንገድ ስትዘጋ። በመጨረሻ የምናውቀው ሾፌር «እታለም፣ አትቀየሚኝ፣ ይችን ቤንዚን ሁለት ቀን ተሰልፌ ነው የቀዳኋት፤ ተሳፋሪዎቹም በጩኸቱ እየሸሹብኝ ነው» አለኝ። አልተቀየምኩትም። ጁስ ቤት ወሰድኳት፣ መፍጫው አስጮኻት። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ለልጇ ልደት ጠራችን፣ ሻማው ሲጠፋ የተጨበጨበው ጭብጨባ ጠረጴዛ ሥር አስገባት፤ የዚያን ቀን ጓደኛዬ እየሳመችኝ «ለሚቀጥለው ደግሞ ስትረጋጋ ታመጫታለሽ» አለችኝ። አትጥሪኝ ከማለት የባሰ ስድብ ነው። ከዚያ በኋላ ከጠሪዎቹም እኔ ቀደምኩ፤ ገና ሳይጠሩኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። አማቴ ጠበል ሲሉኝ እሺ አልኩ። ከልቤ ነው የሄድኩት፤ አማኝ ነኝ። ጧት፣ በዚያ ብርድ፣ ልብሷን ገፍፈው ውኃው ሲወርድባት እንደምትጮኸው ጮኸች። ለቤታችን ቧንቧም እንደዚያው ነው የምትጮኸው። ዙሪያችን የቆመው ሰው ግን ሌላ ነገር ሰማ። «ጮኸ፣ ጮኸ» ይላሉ። አንዱ ጠጋ ብሎ «ማነህ? ከየት ያዝካት?» ይላታል፣ ውስጧ ያለውን እየጠየቀ። ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ቃል ስለምናት የኖርኩትን ልጅ! የሚያጠምቁት አባት ናቸው የገላገሉን፤ «ልጅቷ በርዷት ነው፣ አልብሷት» ብለው ሰውየውን ገሠጹት። ነገሩ ግን ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ወዲያ በረንዳ ላይ ስትጮህ መስኮቶች ሲዘጉ እሰማ ነበር። እጄም ሳልነግረው መሄድ ለመደ፤ ጩኸቱ ጉሮሮዋ ውስጥ ገና ሲጀምር መዳፌ አፏ ላይ ነው። እንደዚያ ባደረግሁ ቁጥር ራሴን እጠላለሁ፣ በሚቀጥለውም አደርገዋለሁ።

አሁን የምጽፈውን ለባሌም አልነገርኩትም። ኅዳር ላይ ልጄን የምትጠብቅልኝ ሦስተኛዋ ሠራተኛ ጥላን ሄደች። «እትዬ፣ ልጅቷን ጠልቼ አይደለም፣ ጭንቅላቴ ነው» ብላ እያለቀሰች ነው የሄደችው። ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ካርድ ፈላጊው ኮሪደሩን ሞልቶታል ብሎ ደወለ። ዳቦ አስቀመጥኩላት፣ ቢላዋና ክብሪት ከፍ አድርጌ ሰቀልኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ከዚያ በሩን ከውጭ ቆለፍኩ። ቁልፉ ሲዞር የሰማሁት ድምፅ እስከ ሆስፒታሉ አብሮኝ ሄደ። ያቺን ሦስት በር አለፍ ብላ ያለችውን እናት አሰብኩ፤ እሷም አንድ ቀን እንዲህ ነው የጀመረችው፣ ለግማሽ ቀን ብላ። ያን ጧት የስንቱን ካርድ እንዳቀያየርኩ እግዜር ይወቀው።

ለምሳ ሮጬ ስመለስ ከቤት ምንም ድምፅ አይሰማም። ቁልፉን ቸኩዬ አዞርኩ። ስከፍት ልጄ ወለሉ መሀል ተቀምጣለች፤ የምስር ክኩን ጣሳ ደፍታዋለች፣ ክኩ በዙሪያዋ ተበትኗል። በሁለት እጇ ታፍሳለች፣ ከፍ ታደርጋለች፣ በጣቶቿ መሀል ታወርደዋለች። ታፍሳለች፣ ታወርደዋለች። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እኔ ስሄድ ያለቀሰችበት መስመር ጉንጯ ላይ ደርቋል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ደስታ። ለሦስት ወር በከተማው ስዞር የፈለግሁት ነገር ቆልፌባት ስሄድ መጣላት። ቀናሁ፤ ማመን አሳፍሮኝ ነው እንጂ በምስር ክክ ቀናሁ። ከአጠገቧ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ እሷ ጫማዬ ላይ ክክ ታወርድብኛለች።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ወንድም ለዓይኑ ሕክምና መጥቶ እኛ ቤት ሰነበተ። አጎቴ ከአምባ ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ ያለ ገበሬ ነው፤ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ፣ በሌላው ዓይኑ ልጄ ከሳፋ ወደ ሳፋ ክክ ስትገለብጥ ግማሽ ቀን አያት። ስሟን አልጠራትም፣ «ምነው አትናገርም?» አላለኝም። ማታ እራት ላይ ነው «ይች ልጅ እህል ታውቃለች» ያለኝ። ቀጥሎም «ጥምቀት እንዳለፈ ገብሴን እወቃለሁ፤ ይዘሻት ነይ። አውድማ ላይ የሚናገር የለም፤ ለእሷ ሸጋ ቦታ ነው» አለኝ።

የአውድማን ወግ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሩቅ ነው የማውቀው። ምርት ከተከመረ በኋላ አውድማ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል። ሲሰፈር ደግሞ ማንም አይናገርም፤ ድምፅ ከተሰማ በረከቱ ይነሳል ይላሉ። ሴት ምርቱ ያለበትን አትረግጥም። እኔ የተማርኩ ነኝ፣ ደመወዝተኛ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ድሮ እስቅበት ነበር። ያን ማታ ግን የአጎቴን ቃል ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም። በዓለም ላይ ሰው ሁሉ ዝም የሚልበት፣ ዝም ያለ የሚከበርበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ልጄ እንደ ሰው ሁሉ ናት። ምናልባት እዚያ ትስቃለች አልኩ። ካልሳቀችም ፍለጋው በቃኝ። እንዲያ ብዬ ቆረጥኩ።

ጥር ላይ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ ጆሮዋን በሻርፕ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ረዳቱ በሩን በዘጋ ቁጥር ጩኸቱ ይነሳል፣ እጄ ይሄዳል። ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ታፍኛታለሽ» አሉኝ። «እናንተን እንዳትረብሽ ነው» አልኳቸው። «እኛ ምን ሆንን?» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ተናደድኩባቸው፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። ወገራ ሜዳው ላይ ስንወጣ ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ፣ ነፋሱ ደረቅና ብርዳም ነበር። ከዋናው መንገድ ወርደን፣ እዚያ የጠበቀን አጎቴ እየመራን አንድ ሰዓት በእግር ሄድን፤ አንድም ጊዜ አልጮኸችም።

አውድማው በእበት ተለቅልቆ እንደ ቤት ወለል ጠፍጥፏል። ወንፈል የመጡ አራት ገበሬዎች በመንሽ ገለባውን ወደ ላይ እየወረወሩ ነው፤ ነፋሱ እብቁን ወደ አንድ ወገን ይወስደዋል፣ ፍሬው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አጎቴ ልጄን አየና «ሕፃን ናት፣ ትግባ» አለ፤ ወደ እኔ ደግሞ አገጩን ወደ ካቡ ቀሰረ፣ እዚያ ተቀመጪ ማለቱ ነው። የልጄን ጫማ አውልቄ ለቀቅኋት። እኔ ከነጫማዬ ከአውድማው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። ሰው አያስፈራትም፣ ሰውም አላያትም፤ ማንም «ነይ» አላላት፣ ማንም «ስምሽ ማነው» አላላት፣ ማንም ጉንጯን አልቆነጠጠም። መንሹ ሲነሳ እጆቿን እያርገበገበች ታነሳለች፣ ፍሬው ሲወርድ ታወርዳለች። ከተማ ውስጥ እንዲያ ስታደርግ ሰው ቆሞ ያያታል። እዚያ አምስት ሰው እጁን እያነሳ እያወረደ ሲሠራ እሷ ስድስተኛ ሆነች። ጀርባዬን ካቡ ላይ አስደግፌ አየኋት፤ ስንት ዓመት ተሸክሜው የኖርኩት ትከሻዬ ሲወርድ ተሰማኝ። እግዚአብሔር ሆይ ይህን ቀን አታስመሽብኝ አልኩ።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ጋብ ሲል ምርቱ ተጠረገ፣ ተከመረ። አጎቴ አማተበ፣ ሰዎቹም አማተቡ። ከዚያ ዝምታው መጣ። ቀድሞም ብዙ አልተናገሩም፤ አሁን ግን ሳል እንኳን የለም። አንዱ የማዳበሪያ ከረጢቱን አፍ ከፍቶ ይይዛል፣ አጎቴ ተንበርክኮ በቁና ይሰፍራል። ልጄ ሄዳ ከክምሩ ሥር፣ ከጉልበቱ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን እስከ ክርኗ ገብሱ ውስጥ ከተተች። አጎቴ አላስነሳትም። ሁለት ጊዜ ሰፍሮ ከረጢቱ ውስጥ ገለበጠ። ሦስተኛውን ቁና ሲያነሳ ወደ ከረጢቱ አልወሰደውም፤ ቀስ ብሎ ከልጄ አንገት ጀምሮ በክንዶቿ ላይ ያወርደው ጀመር። ገብሱ ከአንገቷ፣ ከትከሻዋ፣ ከክንዶቿ ይፈስሳል።

ያኔ ከጉሮሮዋ ድምፅ ተነሳ።

ሻካራ፣ ከሆድ የመጣ፣ የሚቆራረጥ ድምፅ ነው። ሰምቼው የማላውቀው። እኔ የማውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱ መጣ አልኩ። ዝምታው ውስጥ የአጎቴ የዓመት እህል፣ የሰዎቹ ድካም፣ የተከበረ ወጋቸው፣ ሁሉም በኔ ልጅ ጩኸት ሊጠፋ ነው። አላሰብኩም ብል ውሸት ነው፤ ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት አስቤ ነው የተነሳሁት። ሴት መሆኔን ረሳሁ፣ ጫማዬን ረሳሁ። አውድማውን አቋርጬ፣ ምርቱን ረግጬ፣ ከኋላዋ ደርሼ እጄን አፏ ላይ ከደንኩ። አጥብቄ ነው የከደንኩት።

አጎቴ ቁናውን እንደያዘ ቀና አለ። ሰዎቹ ሁሉ ቆመዋል። በዚያ ሰው በማይናገርበት ሰዓት፣ ገና ክምሩ ተሰፍሮ ሳያልቅ፣ ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ምነው ልጄ» አለኝ፣ «ስትስቅ እኮ ነው።»

እጄን አነሳሁ። እንዴት እንዳነሳሁት አላስታውስም። ልጄ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ገብሱ ውስጥ ናቸው፣ አይንቀሳቀሱም። መዳፌ ውስጥ ትንፋሿ ገና ይሞቀኛል። አጎቴ ቁናውን ሞልቶ እንደገና አወረደላት። ገብሱ እንደ ቅድሙ ፈሰሰ። አየችው፤ ዝም አለች። ሌላ ቁና ሞላ። «በይ ሆዴ» አላት ቀስ ብሎ። ዝም አለች። እኔም ተንበርክኬ ለመንኳት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «የኔ እናት፣ ሳቂ፣ እማማ አይነካሽም» እያልኩ። አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ለአንድ ሳቅ የዞርኩ ሴት፣ ሲመጣ አላወቅሁትም። ከሰዎቹ አንዱ የጫማዬን ዱካ በቅጠል ጠርጎ አጠፋው።

ማታ ቤቱ ስንገባ አጎቴ ስለ እህሉ አንድም ቃል አላነሳም። ይቅርታ ስለው «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ አፏን ከፍታለች፣ ደግሞ ትከፍተዋለች» አለኝ። እሺ አልኩት እንጂ አላመንኩትም። ጧት ግማሽ ማዳበሪያ ገብስ በበቅሎ ጭኖ እስከ መንገዱ ሸኘን። «ለበረከቱ ነው ወይስ በረከቱ የተነሳበት?» ብዬ ቀለድኩ፤ የመረረ ቀልድ ነበር። አልሳቀም፤ ልጄን ጭንቅላቷን ሳይነካ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውን እብቅ አራገፈላት።

አሁን ከሥራ ስገባ በየቀኑ ገብሱን ሰፊው ሳፋ ላይ እገለብጥላታለሁ። ሐኪሙ ስነግረው «በጣም ጥሩ፣ አገኘሽላት ማለት ነው» ብሎ ካርዷ ላይ ጻፈ። የጻፈውን አንብቤዋለሁ። ያልነገርኩት አለ። ልጄ በር ማስከፈት ወይም ውኃ መጠጣት ስትፈልግ የሰው እጅ አንጓውን ይዛ ወደ ነገሩ ትወስዳለች፤ እንዲህ ያሉ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ አሉኝ። ገብሱን ቁልቁል ሳወርድላት ክንዶቿን ትዘረጋለች፣ ፊቷ ይፈታል። ከዚያ እጄን ትፈልጋለች። አንጓዬን ይዛ ከፍ ታደርገውና መዳፌን አፏ ላይ ትከድነዋለች፤ ከሥሩ ትስቃለች። ያ የአውድማው ድምፅ ነው፤ መዳፌ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል። እጄን ሳነሳ ይቆማል።